ዘኬዎስ ውረድ፦ ከሞያሌ እስከ ሞምባሳ፣ ሰኔ 2016

ሰኔ 10 ቀን 2016 ዓ.ም፣ ሰኞ፤ ሞያሌ

ከሐዋሳ የተነሣነው ጎሕ ሳይቀድ ነበር። ዲላን፣ ይርጋ ጨፌን፣ ቡሌ ሆራን፣ ያቤሎንና ሜጋን እያለፍን ሞያሌ ስንደርስ ፀሐይዋ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። የአረፋ ማግስት በመሆኑ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን እንደለበሱ በባጃጆች መካከል ይሯሯጣሉ፤ ከየግቢው የሥጋ ጥብስ ሽታ ይመጣል። ጉዞዬ አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። ናይሮቢ ውስጥ 33 ዓመት የኖሩትን አክስቴን ከሕፃንነቴ ወዲህ አላየኋቸውም፤ እናቴ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ በአንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቃ "በእጅህ ስጣት፣ ለሰው እንዳትልክ" ብላ አሸክማኛለች። እሳቸውን ጠይቄ በባቡር ወደ ሞምባሳ ልወርድ፣ የሕንድ ውቅያኖስን አይቼ ልመለስ ነው ሐሳቤ።

ብሬን በሽልንግ የመነዘረልኝ ሰው በአንድ እጁ የብር ጥቅል፣ በሌላው ስልክ ይዞ ነበር። ወደ ናይሮቢ እንደምሄድ ስነግረው ነገ እዚያ ሰልፍ መጠራቱን ነገረኝ። ምክንያቱን ስጠይቀው ስለ ፖለቲካ አንዲት ቃል አልተናገረም፤ በስልክ ገንዘብ ሲላክ በአገልግሎት ክፍያው ላይ የሚጣለውን የኤክሳይስ ታክስ መንግሥት ከ15 ወደ 20 በመቶ ሊያሳድገው ስለ መሆኑ ብቻ አስረዳኝ። ለእርሱ ጉዳዩ ያ ነው። ከድንበሩ ማዶ ሻይ የሚጠጣውም፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለውም፣ ለቀብር የሚያዋጣውም በኤም-ፔሳ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ የተጨመረች ሳንቲም ሁሉ ቤቱ ድረስ ትገባለች።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ፤ ከሞያሌ እስከ ማርሳቢት

በ2013 ዓ.ም በተመረቀው የጋራ ድንበር ጣቢያ የሁለቱ አገሮች ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀምጠው የመውጫና የመግቢያ ማኅተም ይመታሉ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለኬንያ ቪዛ አያስፈልገውምና ነገሩ ባልጠበቅሁት ፍጥነት አለቀ። ጥቂት እርምጃ እንደ ተራመድሁ መኪናው ሁሉ በግራ በኩል መሄድ ጀመረ፤ መንገድ ለማቋረጥ ሁለት ጊዜ ወደ ተሳሳተው ወገን ተመልክቼ ሁለት ጊዜ ጡሩምባ ተነፋብኝ።

አውቶቡሱ የተነሣው ከቀትር በኋላ ነው። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በጭነት መኪና ላይ ሁለትና ሦስት ቀን የሚፈጅ እንደ ነበር የሚያስታውሱ ሰዎች አብረውን ተሳፍረዋል። አሁን መንገዱ ለስላሳ ነው፤ የሚያዘገየው ኬላው ነው። በየኬላው እየወረድን መታወቂያና ፓስፖርት አሳየን። ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሻገሩ ወገኖቻችን በደላሎች የሚነዱት በዚሁ መሥመር ስለሆነ፣ ኢትዮጵያዊ ፊት እዚህ ከሌላው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይመረመራል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ የማርሳቢት ቦረና ናት፤ ናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምትማረው ሒሳብ አያያዝ ነው። በተሰባበረ ኦሮምኛዬና በእንግሊዝኛ ተግባባን። ስልኳ ላይ የምታነበውን ልብ ወለድ መስሎኝ ነበር፤ ሰልፍ የተጠራበት፣ ታክሶቹን የሚጨምረው የፋይናንስ ረቂቅ ሕግ ነው። አንቀጾቹን በቢጫ አቅልማቸዋለች። ስለዚህ መንገዱን ሙሉ ስለ ታክስ ተማርሁ፤ ዳቦ ላይ 16 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የምግብ ዘይት ላይ 25 በመቶ ኤክሳይስ ታክስ፣ መኪና ላይ በየዓመቱ የዋጋው 2.5 በመቶ፣ ከዚያም "የአካባቢ ጥበቃ" የሚል ስም በተሰጠው ቀረጥ በኩል የሕፃናት ዳይፐርና የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ። መንግሥት በዚህ ሁሉ ሊሰበስብ ያሰበው ተጨማሪ ገቢ 346 ቢሊዮን ሽልንግ ያህል ነው። "ሁሉንም አነበብሽው?" አልኋት። "ሁሉንም አይደለም፤ የሚከፈለውን ግን አንብቤያለሁ" አለችኝ። ጓደኞቿ ረቂቁን በስዋሂሊና በየአገሩ ቋንቋ እየተረጎሙ በቲክቶክ ሲያብራሩ የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎችንም ከፈተችልኝ።

በቱርቢና በቡቢሳ መካከል ባለው ጥቁር ድንጋያማ በረሃ ላይ የስልክ መረብ ስለሌለ ተሳፋሪው ሁሉ ተኝቶ ነበር። የማርሳቢት ተራራ ሲቃረብ ግን የአውቶቡሱ ስልኮች በአንድ ጊዜ ጮኹ። ናይሮቢ ውስጥ በዕለቱ ሰልፍ ከወጡት ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ታስረዋል፤ በዚያው ቀን ደግሞ የገዥው ጥምረት የምክር ቤት አባላት ከፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ ጋር መክረው የዳቦው፣ የዘይቱና የመኪናው ታክስ እንዲቀር ተስማምተዋል። እኔ ነገሩ ያለቀ መሰለኝና እንኳን ደስ አለሽ አልኋት። ልጅቷ ሳቀች። ከታች ያሉትን ቢጫ መሥመሮች በጣቷ እያሳየች "እነዚህስ?" አለችኝ።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ፤ ናይሮቢ

ኢሲዮሎን በሌሊት አለፍን። ሲነጋ ናንዩኪ ላይ የምድር ወገብን የሚያመለክተውን ሰሌዳ አየሁ፤ የኬንያ ተራራ ጫፍ ለጥቂት ደቂቃ ከደመናው ወጥቶ ተመልሶ ገባ። ናይሮቢ ሻይ እንኳ ሳልጠጣ፣ ዐይኔ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ገባሁ።

የአክስቴ ምግብ ቤት ሐበሻ በሚበዛበት በሃርሊንግሃም ሠፈር፣ ከአንድ ፎቅ ምድር ቤት ነው። የሚካኤል ዕለት ነበርና ድፎ ዳቦ ደፍተው ጠበቁኝ። እሳቸው በ1983 ዓ.ም ድንበር ሲያቋርጡ የ25 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ ዛሬ 58 ሆኗቸዋል፤ አማርኛቸው ግን በወጡበት ዘመን እንደ ቆመ ሰዓት ነው፤ "ጓድ" እያሉ የሚቀልዱ ሰው ካየሁ ብዙ ጊዜዬ ነው። እዚሁ ተወልዶ ያደገው ልጃቸው 22 ዓመቱ ሲሆን፣ አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ግን ከስዋሂሊው፣ ከእንግሊዝኛውና ሼንግ ከሚሉት የሠፈር ቋንቋ ጋር እየደባለቀ ነው። ድፎውን እየቆረሰ "ይኼ እንኳ ቫት ተነሣለት" ሲል እናቱ በዐይናቸው ገላመጡት።

ማታ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። እሳቸው "እኛ እንግዶች ነን፤ ያሰናበቱን ዕለት የት እንገባለን?" ይላሉ። እርሱ ደግሞ "እማዬ፣ ዘይት የምትገዢው ከየት ነው? እንግዳ ነሽ ብለው በነፃ ይሰጡሻል?" ይላል። ለጥያቄው መልስ ሲሰጡ አልሰማሁም።

ሰኔ 13፣ ሐሙስ

የዛሬው ጥፋት የእኔ ነው። መሀል ከተማውን ማየት እንደምፈልግ ስናገር የአክስቴ ልጅ "እኔ ልውሰደው" አለ፤ አክስቴም እንግዳ አክብረው ፈቀዱ። ሁለታችንም ወዴት እንደምንሄድ እናውቅ ነበር።

ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ወርደን ኬንያታ ጎዳና ስንደርስ ሱቆች ግማሽ በራቸውን ዘግተዋል። ሰልፍ ሲባል በሐሳቤ የማየው ባነር፣ መሪና መድረክ ነበር፤ ይህ ግን አንዱም የለውም። ወጣቶቹ በኪማቲና በሞይ ጎዳናዎች በትንንሽ ቡድን ይመጣሉ፤ ፖሊስ ሲመጣ ይበተናሉ፤ ከጀርባው ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ በአንድ እጃቸው ስልክ፣ በሌላው የውኃ ጠርሙስ፣ በትከሻቸው የአገራቸውን ባንዲራ ይዘዋል። ጎሣ የለንም፣ ፓርቲ የለንም፣ መሪ የለንም ይላሉ፤ ይህን የሚሉት ምርጫ በመጣ ቁጥር በጎሣ ስትከፈል በኖረች አገር በመሆኑ እኔንም ቆም አድርጎኛል። የ2010ሩ እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 37 ሰው ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰለፍና አቤቱታ የማቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንዲት ወጣት ቁጥሩን ብቻ በካርቶን ላይ በትልቁ ጽፋ ይዛዋለች።

ከሁሉ ጎልቶ የሚሰማው ጩኸት "ዛካዮ ሹካ!" የሚል ነበር። ዛካዮ ማለት በስዋሂሊ ዘኬዎስ ነው። ቀረጥ ሰብሳቢዎችን ሁሉ ስላስናቀ ለፕሬዚዳንቱ ያወጡለት ስም መሆኑን ስረዳ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሾላው ላይ ወጥቶ "ፈጥነህ ውረድ" የተባለውን ሰው እኛም ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ እናውቀዋለን። ጥሪው እንግዲህ አንድ ቃል ነው፤ ውረድ።

አስለቃሹ ጭስ ሲመጣ መጀመሪያ የሰማሁት ባዶ ጣሳ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ነጭ ጭስ። በርበሬ በተዘጋ ማድ ቤት ሲቆላ ያደገ ሰው እችለዋለሁ ብሎ ያስብ ይሆናል፤ እኔም ለአንድ አፍታ አስቤ ነበር። አይቻልም። ጉሮሮዬ ተዘጋ፤ ግድግዳ እየዳሰስሁ ስሮጥ አንድ የጫማ ሱቅ ባለቤት የብረት መዝጊያውን ከጉልበት በላይ አንሥቶ ስምንት ያህል ሰዎችን አስገባንና መልሶ አወረደው። ጨለማው ውስጥ ሁላችንም እናስላለን፤ አንድ ሰው ፊቴን ቀና አድርጎ ዐይኔ ላይ ውኃ አፈሰሰልኝ፤ ማን እንደ ሆነ አላየሁትም። የሱቁ ባለቤት በዕድሜ የገፋ ሰው ናቸው፤ ከውጭ ሁካታው ሲረግብ ካልኩሌተራቸውን አውጥተው ለወጣቶቹ በአንድ ጥንድ ጫማ ላይ የሚከፍሉትን ቀረጥ እየደመሩ ያሳዩአቸው ጀመር። ድምሩን ሲጨርሱ በሩን ከፈቱልን።

ማታ ምክር ቤቱ ረቂቁን ለሁለተኛ ንባብ በ204 ድጋፍና በ115 ተቃውሞ አሳልፎታል። በዚያው ዕለት ናይሮቢ ውስጥ አንድ የ29 ዓመት ወጣት በጥይት ተመትቶ ሞቷል። አክስቴ ቴሌቪዥኑን ዘግተው የሁለታችንን ቀይ ዐይን ተመለከቱና አልተቆጡም፤ እንዲያ ቢቆጡን ይሻለን ነበር። በ1970 ዓ.ም እሳቸው የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ታላቅ ወንድማቸው ከቤት ወጥቶ እንደ ቀረና እናታቸው በየማለዳው እየወጡ መንገድ ላይ የተጣሉትን ይገልጡ እንደ ነበር፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ቀና ሳይሉ ነገሩን። ልጁ ይህን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ሰኔ 14 እስከ 17

አርብና ቅዳሜ ከተማው እንደ ወትሮው ነበር። ተሰላፊዎችን በሌሊት ከየቤታቸው የሚወስዱ ሰሌዳ የሌላቸው መኪኖች ወሬ ግን በየምግብ ጠረጴዛው ይነሣል፤ የኬንያ የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ፌዝ ኦዲያምቦ የተያዙትን ለማስፈታት ከጣቢያ ጣቢያ ሲሯሯጡ በየዜናው አየናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የሐበሾቹ ወሬ በሁለት ተከፍሎ ነበር። ዕድሜያቸው የገፋው ሱቅ ስለ መዝጋትና ስለ መኖሪያ ፈቃድ ያወራሉ፤ እዚህ የተወለዱት ስለ ማክሰኞው ሰልፍ።

ፕሬዚዳንቱ በዚያው ዕለት በኒያሁሩሩ ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው በወጣቶቹ እንደሚኮሩና ከእነርሱ ጋር እንደሚነጋገሩ ተናገሩ። ይህ በራዲዮ ሲነገር አክስቴ፣ ዘኬዎስ ከዛፉ ሲወርድ "የቀማሁትን አራት እጥፍ እመልሳለሁ" ማለቱን አስታወሱና "እስቲ ይኼኛው አንዱን እጥፍ ይመልስ" አሉ። ፖለቲካ አልናገርም የሚሉት ሴት ካሉት ሁሉ ያቺ ትበልጥብኛለች።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ሌሊት አክስቴ የልጃቸውን ጫማዎች ሁሉ ሰብስበው መኝታ ቤታቸው ውስጥ ቆልፈውባቸዋል። ስነሣ የእኔም ጫማ የለም፤ የአክስቴ ልጅም የለም። እግራችን አንድ ልክ መሆኑን ከእኔ በፊት ያስተዋለው እርሱ ነው።

በመሆኑም የኬንያን ታሪካዊ ቀን ያሳለፍሁት በአክስቴ ነጠላ ጫማ ነው፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውና ተረከዜን የማይሸፍን። ከምግብ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከንጎንግ መንገድ በኩል ወደ ቫሊ ሮድ ቁልቁል የሚጎርፈውን ሕዝብ አየሁ። እንደ ሐሙሱ አይደለም፤ ብዙ ነው፤ የቢሮ ሠራተኞችና የደንብ ልብሳቸውን የለበሱ የሕክምና ተማሪዎች ጭምር አሉበት። አክስቴ በመጀመሪያ በሩን ዘጉ። ከዚያ ከፈቱ። ከዚያ ለምሳ የተዘጋጀውን የውኃ ጠርሙስ ሁሉ በሳጥን አስወጥተው ለሚያልፈው እንዳድል አዘዙኝ፤ እኔም በነጠላ ጫማዬ ቆሜ ሳድል ዋልሁ። አክስቴ ግን ከሚያልፉት መካከል ልጃቸውን የሚፈልጉ እንጂ ውኃ የሚሰጡ አይመስሉም ነበር።

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ምክር ቤቱ ረቂቁን በ195 ድጋፍና በ106 ተቃውሞ አጸደቀው። ብዙም ሳይቆይ ቴሌቪዥኑ ሰልፈኞቹ አጥሩን ጥሰው ምክር ቤቱ ግቢ ሲገቡ አሳየን። በመጀመሪያ ነገሩ ተረት ይመስል ነበር፤ አንዱ የአፈ ጉባኤውን በትረ ሥልጣን ይዞ ይወጣል፤ ሌላው ለምክር ቤት አባላት ከተሰናዳው ምግብ ይበላል፤ አባላቱም በምድር ውስጥ መተላለፊያ እንዲወጡ ተደረገ። ከዚያ ከሕንፃው በአንዱ ወገን ጭስ ተነሣ። ከዚያ አስፋልት ላይ በባንዲራ የተሸፈኑ ሰዎች ታዩ። ፖሊስ የእውነት ጥይት ይተኩሳል። ምግብ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለት ደንበኞች ሒሳባቸውን ከፍለው ሳይነጋገሩ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ ኢንተርኔቱ ተንቀረፈፈ። ከአንድ ቀን በፊት የአገሪቱ የመገናኛ ባለሥልጣን መረቡን የመዝጋት ዕቅድ እንደሌለው አስታውቆ ነበር። የአክስቴ ልጅ ስልክ ይጠራል፣ አይነሣም፤ በኋላ መጥራቱንም ተወ። የሐሙሱን ጉዞ እኔ ባላነሣ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ሆዴን ይበላኛል። አክስቴ ቡና ለማፍላት ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስቱንም ጊዜ ቡናውን አሳረሩት፤ ያረረውን እየደፉ እንደገና ያጥባሉ። ከኬንያታ ሆስፒታል አቅጣጫ የአምቡላንስ ድምፅ አያቋርጥም። አንድ ጊዜ፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ፣ "እናቴ እንዲህ ነበር የምትቀመጠው" አሉ።

ከምሽቱ 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ መጣ። ሸሚዙ ላይ ያለው ደም የእርሱ አልነበረም፤ ሌላ ልጅ ተሸክሞ ሞተር ብስክሌት ላይ አድርሷል። የልጁን ስም አያውቅም። አክስቴ ፊቱን በሁለት እጃቸው ይዘው አዩት፣ እጁን አዩት፣ ወገቡን ዳሰሱት፤ ሲጨርሱ ብቻ በጥፊ መቱት፤ ከዚያም ምግብ አቀረቡ። ጫማዬን በር ላይ አውልቆት ነበር፤ ሶሉ ላይ የቀለጠ ጎማ እንደ ማስቲካ ተጋግሯል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ፕሬዚዳንቱ በቴሌቪዥን ቀርበው የዕለቱን ድርጊት ከክህደት ጋር አያያዙት፤ ፖሊስን እንዲያግዝ ጦሩ መጠራቱም ተነገረ። በዚያው ዕለት የኬንያ ፖሊሶች የመጀመሪያው ቡድን ጸጥታ ለማስከበር ሄይቲ ገብቷል። የአክስቴ ልጅ ይህን ዜና ሲሰማ የሳቀው ሳቅ የ22 ዓመት ልጅ ሳቅ አልነበረም።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

የኬንያ ብሔራዊ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን የሟቾቹን ቁጥር 22 አድርሶታል። በእግሬ፣ በጎማ በተለጠፈው ጫማዬ፣ እስከ ምክር ቤቱ አቅራቢያ ሄድሁ። ወታደሮች መንገዱን ይዘዋል። ከምክር ቤቱ ብዙም የማይርቀውን ሰፊ ጎዳና ሰሌዳ ሳነብ "ኃይለ ሥላሴ ጎዳና" ይላል፤ የጠራጊዎች ቡድን ድንጋይና የጭስ ቀፎ እየሰበሰበ ነበር። ከቀፎዎቹ አንዱን በእግሬ ገልበጥ አድርጌ አየሁት። የቆርቆሮ ጣሳ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን እንደማይፈርሙት አስታወቁ። አንቀጾቹ ሁሉ እንዲሰረዙ ሐሳብ አቅርበው ወደ ምክር ቤቱ መለሱት። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል ብዬ ነበር፤ ግን ዝም አለ። አስተናጋጇ ኪኩዩ ናት፤ "ይህን ትናንት ጠዋት ቢለው" ብላ ትሪውን አንሥታ ሄደች። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ሐሙስ ወደ ፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ተዘግተው ዋሉ፤ እኔም ከቤት አልወጣሁም።

ሰኔ 21፣ አርብ፤ ሞምባሳ

አክስቴ "የመጣህበትን ሳታይ አትመለስ" ብለው አስገደዱኝ። ባቡሩ ከሲዮኪማው ጠዋት ተነሥቶ 470 ኪሎ ሜትር ያህሉን ሲጨርስ ቀኑ ተጋምሷል፤ የጻቮን ቀይ አፈርና ዝሆኖቹን በመስኮት አየሁ። ንጹሕ፣ ሰዓቱን የሚያከብር ባቡር ነው፤ በ2009 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የተሠራበት ገንዘብ በአብዛኛው የቻይና ብድር ነበር። የአዲስ አበባ ጂቡቲውን ባቡር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ መቀመጫው እንኳ ይመሳሰላል። የኬንያ የብድር ክምችት ከ10 ትሪሊዮን ሽልንግ አልፏል፤ መንግሥት ዳቦና ዘይት ድረስ የወረደው ይህንኑ ለመክፈል ነው። ስለዚህ የፋይናንስ ረቂቁ ላይ ተቀምጬ ወደ ባሕር እየወረድሁ ነው የሚል ሐሳብ መጣብኝ፤ ፊት ለፊቴ የተቀመጠው ነጋዴ ግን ባቡሩን አይወቅሰውም፤ የሚወቅሰው የተበደሩትን ገንዘብ ነው፣ ስንቱ በእርግጥ ሐዲድ ላይ እንደ ዋለ ንገሩኝ ይላል።

ስለ ሞምባሳ ብዙ አልጽፍም። ፖርቱጋሎች በ1593 እ.ኤ.አ. መገንባት የጀመሩትን የኢየሱስ ምሽግ አየሁ፤ በሞይ ጎዳና ላይ በተተከሉት የአሉሚኒየም የዝሆን ጥርሶች ሥር ፎቶ ተነሣሁ፤ በሊኮኒ ጀልባ ተሻገርሁ። ውቅያኖሱ ሞቃት ነው። የምሽጉ አስጎብኚ በዚያን ቀን ሁለተኛ ጎብኚው እኔ መሆኔን ነገረኝ፤ ክፍያውን ስሰጠውም ልጁ ማክሰኞ ታስሮ እንደ ተፈታ ጨመረልኝ፤ ኩራት ይሁን ስሞታ ከፊቱ ማንበብ አልቻልሁም።

ሰኔ 24፣ ሰኞ፤ ናይሮቢ

ኮሚሽኑ ዛሬ የሟቾቹን ቁጥር 39፣ የቆሰሉትን 361 አድርሶ አሳወቀ። ለነገ ደግሞ ሌላ ሰልፍ ተጠርቷል፤ አሁን የሚጠየቀው የፕሬዚዳንቱ መልቀቅ ነው። የአክስቴ ልጅ እንደሚወጣ ለእናቱ ፊት ለፊት ነገራቸው። አክስቴ ተነሥተው ወደ መኝታ ቤት ገቡና የቆለፉባቸውን ጫማዎች በሁለት ፌስታል ይዘው ወጡ፤ እግሩ ሥር አስቀመጡለት። "በሰው ጫማ አትሂድ" አሉት። ሌላ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። እኔ ሻንጣዬን ለመጠቅለል ምክንያት አገኘሁ።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ፤ ሞያሌ

ትናንት መንገዶች ሳይዘጉ ንጋት ላይ ወጣን። በመንገድ ላይ፣ መረብ በተገኘ ቁጥር፣ ናይሮቢና ሞምባሳ ውስጥ መኪኖች እንደ ተቃጠሉና ሱቆች እንደ ተዘረፉ ዜና ይመጣል፤ ማርሳቢት ስንደርስ ግን ከአክስቴ አንዲት አጭር መልእክት ደረሰችኝ፤ "ገብቷል"። ኬላዎቹ ላይ እንደ መጀመሪያው ወረድን፣ እንደ መጀመሪያው ፓስፖርት አሳየን።

ዛሬ ጠዋት ድንበሩን ተሻግሬ መኪናው ወደ ቀኝ ሲዞር ካየሁ በኋላ፣ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው አውቶቡስ እስኪሞላ ጊዜ ነበረኝና አንድ ሊስትሮ ፊት ተቀመጥሁ። ልጁ ጫማውን ካገላበጠ በኋላ ብሩሹን አስቀምጦ ቢላ አወጣ። ጥቁሩን ጎማ እየፋቀ "ጋሼ፣ ይኼ በክሬም አይለቅም፤ ምን ላይ ነው የረገጡት?" ሲል ጠየቀኝ። እኔ እንዳልረገጥሁት ነገርሁት። አላመነኝም፤ መፋቁን ቀጠለ።